ወባ በሆነለት

ሙሐረም ትኩሳት በያዘው ማግስት ሞገስ የሞተር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቁርጡን ተናገረ። ወባ ከሆነ ይተኛ። ወባ ካልሆነ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመዝረዓው፣ ከእርሻው፣ ይውጣ።

«ወዴት ይውጣ?» አልኩት።

«እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ የማውቀው አብሬው ታፍኜ እንደማልሞት ነው፣ አያ ከድር።»

ሙሐረም ከውስጥ ምንጣፉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ በሩ ድረስ ይሰማ ነበርና ሞገስ የተናገረውንም እሱ መስማቱ አይቀርም። ሰው በተኛበት እንዲህ ሲፈረድበት መስማት ከትኩሳቱ ይብሳል ብዬ አሰብኩ።

ያን ሰሞን በሽታ ማለት አንድ ብቻ ነበር፣ ኮሮና። ከድንበሩ ማዶ፣ የመን ውስጥ፣ «በሽታውን ያመጣችሁ እናንተ ናችሁ» እየተባሉ የእኛ ሰዎች በመኪና ተጭነው ወደ ድንበር እንደተነዱ ያመለጡት ሁሉ ይናገራሉ። ሙሐረምም ከእነሱ ጋር ነው የመጣው። ከእኛ ወገንም ቢሆን የሰዓት እላፊ ታውጆ ከአቡ ዐሪሽ ወደ ሳምጣ የሚወስደው መንገድ ላይ በየቦታው ኬላ ቆሟል። ከመዝረዓው የወጣ ሰው መንገዱን ከያዘ ይያዛል፤ ተራራውን ከያዘ ደግሞ፣ በዚያ ትኩሳት፣ ፈይፋ ሳይደርስ አንዱ ድንጋይ ሥር ይቀራል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ሞገስም ያውቃል።

ስለዚህ በሰው ላይ በሽታ መለመን ነውር ቢሆንም ያን ቀን ዙሁር ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ «ያረቢ፣ ወባ አድርግለት» አልኩ።

እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለኝ፤ የማንጎው እርሻ ዘበኛ ነኝ። ሞገስ፣ አንዳርጌና ሙሐረም ግን ወረቀት የላቸውም። እንዲህ ያለውን ሰው እዚህ መጅሁል ይሉታል፣ የማይታወቅ ለማለት። ከፊሌ፣ ዋስ የሆነኝ አሠሪዬ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ማንጎው መለቀም ስላለበት የሞተር ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያድር አይጠይቅም። የማይጠይቅ ከፊል ማለት ጸጋ ነው። ግን ነገ ቢጠይቅስ የሚለው ሐሳብ ሦስቱንም እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

የወባ መመርመሪያ የሰጠኝ ሙስጠፋ ነበር። ሙስጠፋ ሱዳናዊ ነው። ከመንግሥት የወባ መከላከያ መኪና ጋር እየዞረ የቆመ ውሃ ላይ መድኃኒት ይረጫል፤ ያተኮሰው ሰው ካለም ጣት ወግቶ ደም ያያል። መኪናው በመጣ ቁጥር ሦስቱ ሰዎች ከማንጎው ጎን ያለው ማሽላ ውስጥ ይገባሉ። የሰዓት እላፊው ሊጀመር ሰሞን መጣና፣ እንግዲህ እንደ ልባችን መዞራችን ያበቃል ብሎ፣ አንዲት ትንሽ ካርቶን እጄ ላይ አኖረ።

«ይኼ ለማላያቸው ሰዎችህ ነው» አለኝ በዐረብኛ፣ ፊቴን ሳያይ።

ይህን ለሞገስ የነገርኩት ቀን ከአፉ አልተረፍኩም።

«አየህ? ያውቃል ማለት ነው። ያወቀ ሰው ደግሞ በነጻ ዝም አይልም።»

«ሰውየው ቸር ቢሆንስ?»

«ቸር ሰው የመንግሥት መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

የሞገስ ጥርጣሬ ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። አንድ ጊዜ ተይዞ ወደ አገር ተመልሷል። ያኔ ጣቶቹን አንድ በአንድ መስተዋት ላይ አስጭነው አሻራውን ወስደውታል። አሻራውን የሰጠ ሰው ስሙን ቢቀይር፣ ጺሙን ቢያሳድግ፣ ማሽኑ ያውቀዋል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ዘንድ ጣት የሚጠይቅ ሁሉ ፖሊስ ነው። መርፌ ይዞ ቢመጣም ያው ነው። ከወባው መኪና የሸሸ ሰው ለምን ሸሸህ ሲሉት «ደሜን ፈርቼ» አይልም፤ «ጣቴን ፈርቼ» ነው የሚለው።

ግን ሞገስ ራሱ «ወባ ከሆነ» ብሎ ከፈረደ፣ ወባ መሆኑን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ፀጋን ጠራኋት።

ፀጋ በመዝረዓው ጫፍ ባለው ቪላ፣ በከፊሌ ልጅ ቤት ነው የምትሠራው። ማዳሟ ቀን ጋደም ስትል ለበጎቹ የአትክልት ልጣጭ ልትጥል ወደ እኛ አጥር ትመጣለች። ከመሰደዷ በፊት ጃዊ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ጃዊ ደግሞ ወባ እንደ እንግዳ የማይታይበት አገር ነው።

«ጋሽ ከድር፣ ማነው የታመመው? ያ ዝምተኛው ነው?» አለች፣ የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ እያጠበቀች።

ካርቶኑን ሰጠኋት። የታሸጉትን ጥቅሎች እያገላበጠች አየች፤ ቀኑን አነበበች። ቀጥላም ፈሳሽ የያዘችውን ትንሽ የላስቲክ ጠርሙስ አንስታ ለብርሃን ያዘቻት።

«ከልጅነቴ የማውቀውን ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ» አለች። «በዚህ ስንቱን ሰው አይቼበታለሁ መሰላችሁ። አንድ መስመር ከወጣ ነጻ ነው፣ ሁለት ከወጣ ወባ ነው። ኑ፣ ጣቱን አምጡት።»

«ቆይ እስቲ፣ ዶክተሯ» አለ ሞገስ። «መጀመሪያ አንቺ ላይ።»

«እኔ አላመመኝም፣ ወንድሜ።»

«እሱማ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ምን እንደሚል እንይ። ሁሉንም ታመሃል የሚል ነገር ከሆነ ምን ይታወቃል?»

ፀጋ ለአፍታ አየችውና ሳቀች። «ተጠራጣሪ ሰው አንዳንዴ ልክ ይናገራል። እሺ።»

ጣቷን ወጋች። ደሟን በቀጭኗ ማንሻ ወስዳ ከአንዱ ጥቅል ካወጣችው ፕላስቲክ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አኖረች፣ ከጠርሙሷም አንጠበጠበችበት። ከዚያ የውሃ መሳቢያው ሞተር ላይ ካለው ጥላ ሥር አስቀመጠችውና ሁላችንም ዙሪያውን ቁጭ አልን። ከደቡብ፣ ከድንበሩ በኩል፣ ከባድ መሣሪያ ድው አለ። ማንም ቀና አላለም።

«ቀይ የሚሆነው ምኑ ነው? ደሙ ነው?» አለ አንዳርጌ።

«ደሙማ አይደለም። ደሙ ከነተሐዋሲው ሲያልፍ የሚይዘው ቀለም አለ። ወርቅ ነው ይሉናል» አለች ፀጋ።

አንዳርጌ ከተቀመጠበት ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ምን አልሽ?»

እኔም ይህን ሰምቼ ነበር። ማንጎ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ትምህርት ማዳመጥ ልማዴ ነው፤ ያልገባኝን ደጋግሜ እሰማለሁ። «እውነቷን ነው» አልኩ። «ወርቅ ከጸጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ እስኪያንስ ሲደቅ ቢጫ መሆኑ ይቀራል፣ ቀይ ይሆናል።»

«አያ ከድር፣ እኔ ሻኪሶ ወንዝ ውስጥ ወገቤ እስኪቆረጥ ወርቅ ያጠብኩ ሰው ነኝ» አለ አንዳርጌ። «ዱቄቱን አይቻለሁ፣ ብናኙን አይቻለሁ። ሁሉም ቢጫ ነው። ከዚያ በታች በዓይን የማይታይ ወርቅ ካለ፣ እሱ ወርቅ አይባልም። ኪሳራ ነው የሚባለው።»

«አህያ ላይ ግማሽ ጄሪካን ውሃ ጭነህ ታውቃለህ?»

«ያልጫነ ማን አለ?»

«ውሃው ይናጣል አይደል? የአህያዋ እርምጃ ከውሃው ምት ጋር ሲገጥም ይገነፍላል፤ ሳይገጥም ሲቀር ትንሽ ይንቦጫረቅና ዝም ይላል። ወርቁ ውስጥም ኤሌክትሮን የሚሉት እንደዚያው የሚናጥ ነገር አለ። ቅንጣቱ በጣም ካነሰ የሚናጥበት ምት ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር ይገጥማል። ስለዚህ አረንጓዴውን ውጦ ያስቀረዋል፣ ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ነው። አላህ በዚያች በማትታይ ነገር ላይም ልክ አኑሮባታል።»

አንዳርጌ ጺሙን እያከከ አሰበበት። «ሌላስ ምን ይሠራል ይኼ ኪሳራህ?»

«ለካንሰርም እየሞከሩት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቅንጣቱን ዕጢው ውስጥ ያስገቡና ሥጋን የማያቃጥል ብርሃን ከውጭ ያበሩበታል። ብርሃኑ ሥጋውን አልፎ ወርቁን ያግለዋል፤ ዕጢው ካለበት ይበስላል። ገና ሙከራ ነው።»

«ሰውየው ከሞተስ ወርቁን ማን ይወርሳል?»

ፀጋ ከት ብላ ሳቀችና ማዳሟ እንዳትሰማት አፏን በሻሿ ያዘች። ሙሐረም እንኳ ከውስጥ ሳቅ የመሰለ ሳል አሰማ። ያልሳቀው ሞገስ ብቻ ነው።

«ወርቅ ነው አላችሁ?» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃ ስለምነው መስኮቱን የዘጋብኝ አገር ነው ይኼ። ዛሬ ለእኔ ለመጅሁሉ ወርቅ በካርቶን አሽጎ የሚልክልኝ ምን ፈልጎ ነው? ንገሩኛ!»

«ሽርፍራፊ እኮ ነው፣ ዋጋ የሚባል የለውም» አለች ፀጋ።

«ወጥመድ ላይ የሚቀመጠውም ጥሬ ዋጋ የለውም፣ እህቴ። ወፏ ናት ዋጋ ያላት።»

 ስለ ወርቁ የተናገርነው እውነት ነበር፤ የሞገስን ጥርጣሬ ግን አደለበው።

ፀጋ ሰሃን ታጥቦ የሚያልቅበትን ያህል ጠብቃ ፕላስቲኩን አነሳች። ሁለት መስመር ነበረው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ሞገስ።

«ምንም አላመመኝም እኮ። አላተኮሰኝም፣ አልበረደኝም።»

«እኔ ምን አልኩ? ሁሉንም ታመሃል የሚል ነገር ነው። ታማችኋል ኑ እናክማችሁ ይሉናል፣ መኪናው ይመጣል፣ ከዚያ ሁላችንንም ጭኖ ወደ ጀዋዛት፣ ወደ ኢሚግሬሽን እስር ቤቱ። ኸላስ!»

«እስቲ እኔን ሞክሪኝ» አለ አንዳርጌ፣ እጁን ዘርግቶ። «የእኔ ጣት ምንም አያመጣም። የሻኪሶ ድንጋይ አሻራዬን በልቶ ጨርሶታል።»

ሞገስ ክንዱን ያዘው። አንዳርጌ አስለቀቀና ጣቱን ሰጠ። ጠበቅን። አሁን የሚቀልድ አልነበረም። የእሱም ሁለት መስመር አወጣ፣ ያውም ከፀጋው የደመቀ።

ሞገስ ወደ ውስጥ ገባና የልብስ ከረጢቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ፀጋ ፊት ቆመ። እኔ ያን ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ ሰው ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም።

«ማነው የላከሽ? ማዳምሽ ናት?»

«ሞገስ!» አልኩ።

«ተወኝ፣ አያ ከድር። እሷ መኖሪያ አላት፣ አልጋ አላት። እዚህ ምን አባቷ ልትሠራ መጣች?»

 ፀጋ ሁለቱን ፕላስቲኮች ይዛ ከጥላው ወጣችና ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አየቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጋሽ ከድር፣ ና እይልኝ። ይኼ ቀለም ልክ አይደለም። እኔ የማውቀው መስመር የከርከዴ ሻይ የመሰለ ቀይ ነው። ይኼ በልዟል።»

አየሁት። እውነትም የተመታ ሥጋ መስሎ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ከተጣበቁ ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል ሲሉ መስማቴ ትዝ አለኝና ነገርኳት። ምን እንዳጣበቃቸው ግን አላወቅሁም።

«ሙቀት ይሆን?» አለች። «መኪና ውስጥ ከርሞ ይሆናል።» ከዚያ ያቺን የላስቲክ ጠርሙስ አነሳች። ነቀነቀቻት። ደግማ ነቀነቀቻት። «አረፋ የለውም። ይኼ ፈሳሽ ሲነቀነቅ አረፋ ይይዛል፤ ጃዊ ስንቴ ነቅንቄዋለሁ። ደግሞ እስከ አንገቷ ጢም ብላለች። ከፋብሪካ እንዲህ ሞልታ አትመጣም።» ቀና ብላ አየችን። «ማነው የነካት?»

ሁላችንም ሞገስን አየነው።

«እኔ?» አለ። «መንካት ቢሆን ኖሮ ካርቶኑን ከነነገሩ እሳት ውስጥ ነበር የምጨምረው። ምን አስፈራኝና በጠርሙስ እጫወታለሁ?»

አንዳርጌ «እውነቱን ነው፣ እሱ ማቃጠል ነው የሚወደው» አለ።

«አንተስ?»

«እኔ ወርቅ መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው። ቀድሜ ብሰማ ኖሮ አላምንም ነበር፣ ራሴንም።»

እኔ ወደ ሞተር ቤቱ ውስጥ አየሁ። ጓደኛዬ ከዑምራ ያመጣልኝ የዘምዘም ጄሪካን ከሙሐረም ራስጌ ነው የሚቀመጠው። ክዳኑ ተከፍቶ መሬት ላይ ወድቋል።

«እኔ ነኝ» አለ ሙሐረም። በክርኑ ደገፍ ብሎ ተነስቶ ነበር፤ ዓይኑ ከትኩሳቱ የተነሳ ያበራል። «ስትጨቃጨቁ እሰማለሁ። አንዱ መርዝ ነው ይላል፣ አንዱ የመንግሥት ነው ይላል። በእኔ ላይ የሚፈርደው ውሃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከሌለ፣ እኔ የማውቀው ውሃ ይሁን ብዬ፣ ፀጋ ሳትመጣ ካርቶኑን ከፍቼ ያንን ደፋሁትና ዘምዘም ሞላሁት። ዘምዘም አይዋሽም ብዬ ነው።»

ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። ዘምዘም ለጠጡበት ጉዳይ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እሱም ሌላ የሚያምነው ነገር ስላጣ የሚያምነውን ጨመረ። ውሃው ግን ጨውና ማዕድን ያለበት ውሃ ነው፤ ወርቁን ያጣበቀውና ያልነበረ መስመር ያወጣው እሱ ነው።

«ሰማችሁ?» አለ ሞገስ። «ሁለት መስመር እንዲወጣለት ነው! ወባ ነው እንድንለው!»

«እሱ ምን ያውቃል?» አለች ፀጋ። «በውሃ እንዲህ እንደሚያብድ እኔም ያየሁት ዛሬ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ይኼ ወንድማችን ሊያጭበረብርህ ቢፈልግ ኖሮ፣ አሁን አፉን ዘግቶ ጣቱን ይሰጥ ነበር። ሁለት መስመር ይወጣለት ነበር። አበቃ፣ ዳነ ነበር።»

ሞገስ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ።

ችግሩ ግን ባለበት ቀረ። ጥቅሎቹ አሉ፣ የሚያንጠበጥቡበት ፈሳሽ የለም። ፀሐይዋም ከማንጎው አናት ዝቅ ማለት ጀምራለች። ሙሐረም ተመልሶ ጋደም አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጫማውን ሲፈልግ እጁ መሬቱን ሲዳብስ አየሁት። ሊሄድ ነው። ሳናስወጣው ሊወጣ ነው።

ስልኬን አወጣሁ።

«ለማን ነው?» አለ ሞገስ።

«ለሙስጠፋ።»

«አያ ከድር፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ። እሱን ከጠራኸው እኛ አልቀናል።»

«ካልጠራሁት እሱ አልቋል» አልኩ። «ማሽላው ያው፣ ግቡ። እኔ እዚህ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው እላለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሙስጠፋ ብዙ አልጠየቀም። ለመኪናው የይለፍ ወረቀት እንዳላቸው፣ ከአሐድ ከተማ በኩል እየተመለሱ እንደሆነ ነገረኝና ዘጋው። አንዳርጌና ሞገስ ከረጢታቸውን ይዘው ማሽላው ውስጥ ገቡ። ፀጋ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ የልጣጩን ባልዲ ይዛ በጎቹ ጋ ቆመች፣ ሥራ ላይ እንዳለች።

መኪናው ሲመጣ ሙስጠፋ ብቻውን ወረደ። ጭምብልና ጓንት አድርጓል። ሙሐረምን በሩ አጠገብ አስቀመጠው፣ ግንባሩን በመሣሪያ ለካ፣ በምላሱ ጠጭ አደረገ። ስም አልጠየቀም። ወረቀት አልጠየቀም። አዲስ ጥቅል ከነጠርሙሱ አወጣ። የሙሐረምን ጣት ሲይዝ ሙሐረም እጁን ሊነጥቀው ሞከረ።

«ያላ፣ ያ አኺ፣ መርፌ ናት፣ እባብ አይደለችም።»

የማሽላው አገዳ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሞገስ ነው። ከረጢቱን በትከሻው እንደያዘ ወጥቶ ሙስጠፋ ጀርባ ቆመ። ለምን እንደወጣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

«ጣቱን ምን ላይ ነው የምታደርገው?» አለ በተሰባበረ ዐረብኛ።

ሙስጠፋ ዞር ብሎ አየው። ከየት መጣህ አላለውም። የሙሐረምን ጣት በጥጥ ጠረገና ለቀቀው። «ምንም ላይ። አየህ? ይኼ መርፌው፣ ይኼ ጥጡ። ፕላስቲኩንም ሲጨርስ እሰጥሃለሁ። ሁሉንም አቃጥለው። እኔ የምፈልገው መልሱን ብቻ ነው።»

ሞገስ መርፌውንና ጥጡን በቅጠል ጠቅልሎ ያዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፕላስቲኩ ላይ ዓይኑን ተከለ፤ እስኪያልቅ ድረስም አላነሳውም። ፀጋ ባልዲዋን ትታ መጣች። አንዳርጌም ከማሽላው ውስጥ አንገቱን አስግጎ ቆየና ኋላ ጠቅልሎ ወጣ። ሙስጠፋ ቀና ብሎ አራታችንን አየና «ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ያዘ» አለ።

የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ቀጥሎ፣ ቀስ እያለ፣ ሁለተኛው። ቀጭን ነበር፤ ቀለሙ ግን የከርከዴ ሻይ ነው። ፀጋ «ይኼ ነው የማውቀው፣ ይኼ ነው» እያለች አማተበች። እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ በሰው ወባ መታመም እንዲህ ይመሰገናል ወይ ብላችሁ አትፍረዱብኝ።

ሙስጠፋ መድኃኒቱን ሰጠና አወሳሰዱን ነገረን። «በምን ውሃ ይዋጥ?» አለ ሙሐረም በደከመ ድምፅ። የጠርሙሱን ነገር ነግረነው ስለነበር ሙስጠፋ እስኪያስለው ሳቀ። «ከዘምዘምም ይሁን ከቧንቧ፣ ብቻ ይኼኛው ሆድህ ይግባ።»

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ሞገስ እሳት አንድዶ መርፌውን፣ ጥጡን፣ ፕላስቲኩን አቃጠለ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ከእሳቱ ሳይነሳ ፀጋን ጠራት።

«እህቴ፣ ቅድም የተናገርኩሽን ተይልኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ወባ አለበት ማለት ያኛው የለበትም ማለት ነው?»

ፀጋ ወደ እኔ አየች። አዎ በይው ብዬ በዓይኔ ለመንኳት።

«አይደለም» አለች። «ይኼ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።»

«ሁለቱም አብረው ሊይዙት ይችላሉ?»

«ይችላሉ።»

 ሙሐረም በሩ ላይ እንደተቀመጠ መድኃኒቱን በመዳፉ ጨብጦ ሞገስን ያያል። ሞገስ ተነሳ፤ ገባ። የሰው ዕቃ ሲጎተት ሰማን። የሙሐረም መሰለኝ። ሲወጣ ግን በክንዱ የያዘው የራሱን ምንጣፍ ነው።

«ወዴት ነው?» አለ አንዳርጌ።

«ወባ ከሆነ ይተኛ ብያለሁ፣ ሆኗል። ቃሌን አላጥፍም። እኔ ግን እዚያ ውስጥ አልተኛም። አላምነውም፣ ሳንባውን።»

ከበሩ ትይዩ ካለው ማንጎ ሥር ምንጣፉን ዘረጋና ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ፀጋ ማዳሟ ሳትነሳ ልትደርስ ባልዲዋን አንስታ ሮጠች። አንዳርጌ ለሙሐረም ውሃ ቀዳለትና ሙሐረም የመጀመሪያውን መድኃኒት አፉ ውስጥ ጨመረ።

«ዋጥክ?» አለ ሞገስ ከዛፉ ሥር።

«ዋጥኩ።»

«አፍህን ክፈት።»

ሙሐረም ከፈተ።

«ምላስህን አንሳ። እኔን አታታልለኝም፤ ሰው ሲመርረው ከምላሱ ሥር ይደብቃል። አንዳርጌ፣ ከዚህ አይታየኝም፣ ጠጋ ብለህ እይልኝ።»

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ የሙሐረምን አፍ እንደ ጉድጓድ አየው። «ባዶ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ ባዶ ነው፣ ሞገስ።»

«እንግዲያው ትንሽ ውሃ ጨምርለት» አለ ሞገስ።